የመጨረሻው ጣሳ ዘይት

አባቴ መኪናዋን የሚከፍታት ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ ከማጋሏ በፊት። «ሞተር ሲሞቅ ዘይት ይዋሻል» ይል ነበር። መኪናዋ ቀዝቅዛ ያደረች መሆን አለባት፤ የቆመችበት መሬት ደልዳላ፣ በእጁ የያዘው ጨርቅም ንጹሕ መሆን አለበት። ይህ ካልተሟላ ኮፋኖውን አያነሳም።

የምንኖረው መካኒሳ ነበር፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ። ከቤታችን ጀርባ አባቴ በቆርቆሮ ያጠረው መጠለያ አለ። ከውጭ ለሚያየው ማገዶ የሚከማችበት ይመስላል። ውስጡ ግን በድንኳን ሸራ ተሸፍና የአቶ ሙሴ መኪና ቆማለች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ለምድር የቀረበች፣ የወይን ጠጅ ቀለም ያላት የስፖርት መኪና ነበረች። ሸራው ሲገፈፍ የቆዳ ወንበሯ ሽታ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አንዳንዴ ያገኘኛል፤ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም።

አቶ ሙሴ ሀብታም ቤት የተወለዱ፣ መኪና እሽቅድምድም የሚወዱ ሰው ነበሩ። ከአውሮፓ ያስመጡትን ሱፐርቻርጀር ከመኪናዋ ሞተር ጋር የገጠመላቸው አባቴ ግዛው ነው። አባቴ ሥራ የለመደው ከጣሊያን መካኒክ ስለሆነ «ኮምፕሬሶሬ» ነበር የሚለው። ከሞተሩ ጎን የተቀመጠ፣ የሙልሙል ዳቦ የሚያህል የብረት ሳጥን ነው። ሞተሩ በቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶ፣ ያዞረዋል፣ እሱ ደግሞ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይነፋል። የራሱ የሆነ ትንሽ የዘይት ጓዳ አለው። ያ ዘይት ከሞተሩ ዘይት ጋር አይገናኝም፤ ቀጭን ነው፣ ሽታውም የበሰበሰ እንቁላል ይመስላል። ከዕቃው ጋር አብሮ በትንንሽ ጣሳ መጥቶ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን የቀረው አንድ ጣሳ ብቻ ነው። አባቴ በጨርቅ ጠቅልሎ መደርደሪያው ጥግ አስቀምጦታል።

«ለማን ነው የምታስቀምጠው?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ለባለቤቱ። ሲመጣ አዲስ ዘይት ይገባላታል።»

አቶ ሙሴ የት እንደሄዱ የነገረኝ አልነበረም። የመኪናዋን በር ከፍተው ወንበሩ ላይ አስቀምጠውኝ «በሚቀጥለው ጊዜ ደብረ ዘይት ድረስ ወስጄሽ ሐይቁን አሳይሻለሁ» ያሉኝን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። «ተጠርተው ሄደዋል» ሲባል ሰማሁ። ሰው የሚጠራው ለሠርግ ወይም ለሥራ ነው ብዬ ስለማስብ በዚያ ነገር ብዙ አልተጨነቅሁም። ጊዜው 1969 ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔ ገና አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ።

ሚስታቸው እትዬ ጸሐይወርቅ ግን ቅዳሜ አይቀሩም። ሰፊው ቤታቸው ተወርሶ ብስራተ ገብርኤል ዘመድ ቤት ተጠግተው ነበር። ከእስር ቤት በር ስንቅ አቀብለው፣ ባዶውን ምሳ ዕቃ በነጠላቸው ስር ይዘው፣ በእግራቸው ይመጣሉ። አባቴ የሚቀመጡበትን በርጩማ በጨርቅ ጠርጎ ያቀርብላቸዋል። ከዚያ ኮፋኖውን ያነሳል፣ የዘይቱን ክዳን በመፍቻ ቀስ ብሎ ይፈታል፣ ትንሿን መለኪያ ዘንግ ያስገባና አውጥቶ ወደ ብርሃን ያነሳታል።

«እንዴት ነው?» ይላሉ እሳቸው።

«ልኩ ላይ ነው፣ እትዬ። ንክች አላለም።»

«ተመስገን።»

እሳቸው «ተመስገን» ሲሉ ትከሻቸው ዝቅ ሲል አየዋለሁ። እኔም አንድ ነገር ገባኝ ብዬ አሰብኩ። አባቴ በዚያች ዘንግ የሚያነበው የአቶ ሙሴን ደኅንነት ነው። ዘይቱ ልኩ ላይ እስካለ ድረስ እሳቸው ባሉበት ቦታ ደህና ናቸው፤ ከጎደለ ታመዋል ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለትልልቆቹ የታወቀ ነገር መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ቆማ የምትውል መኪና ዘይቷ በየሳምንቱ የሚታይበት ምክንያት አልነበረም። አባቴም ያውቃል፣ ምናልባት እሳቸውም ያውቁ ነበር። ግን ከእስር ቤት በር ተመልሶ «ልኩ ላይ ነው» የሚል ሰው ማግኘት ለእሳቸው ምን እንደነበር ለመረዳት እኔ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

እናቴ ዘነቡ እትዬ ጸሐይወርቅን አትወዳቸውም ነበር፤ ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሲመጡ ሰላም ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሲሄዱ ደግሞ ከአባቴ ጋር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትነታረካለች።

«እስከ መቼ ነው የምታቆያት?» አለችው አንድ ቀን።

«አደራ ነው፣ ዘነቡ።»

«አደራ ያለህ ሰውዬ ራሱን ማውጣት አልቻለም። ጎረቤት ሁሉ የሚያይ ዓይን አለው። ሁለት ልጆች አሉህ።»

«ቁራጭ ብረት ናት። ማን ይፈልጋታል?»

«እሱን ለነሱ ንገራቸው» አለችና ሰሐኑን አንስታ ወጣች።

የሴትዮዋ ነጭ ነጠላና ቀይ የተቀባው ጥፍራቸው እናቴን አስቀንቷት ነው ብዬ ደመደምኩ። እናቴ ግን የፈራችው በየማለዳው መንገድ ዳር ተጥሎ የሚታየውን ሬሳ ነበር። እኔን ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ በየት በኩል እንደምንሄድ ሁልጊዜ የምትቀያይረው ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንዳንድ ቀን ዓይኔን በነጠላዋ ሸፍና «አቧራ ነው» እያለች ታሻግረኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል በአንዱ ቅዳሜ እትዬ ጸሐይወርቅ ከወትሮው ቀድመው መጡ። ምሳ ዕቃው ባዶ አልነበረም። ክብደቱ እጃቸውን ወደ ታች ሲጎትተው አየሁት። አባቴ በርጩማውን ሲያቀርብላቸው አልተቀመጡም።

«ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ አሉኝ» አሉ።

አባቴ መፍቻውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ግን ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ስንቅ አያስፈልግም ማለት ሰውዬው ወደ ቤታቸው ሊመጡ ነው ማለት ነበር፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ትልልቆቹ ዝም ማለታቸው ደስታው አንደበታቸውን ይዞት መሰለኝ። በባልዲ ውኃ ቀድቼ የመኪናዋን ጎማዎች ማጠብ ጀመርኩ። እትዬ ጸሐይወርቅ ቆመው አዩኝ።

«ምን ታደርጊያለሽ፣ ትሩፋት?»

«ጋሼ ሙሴ ሲመጡ ንጹሕ እንድትሆን ነው።»

አጠገቤ መጥተው ቁጢጥ አሉ። ከምሳ ዕቃው ውስጥ አንድ ቁራጭ ድፎ ዳቦ አውጥተው ሰጡኝ። ሞቅ ያለ ነበር። «ብዪው» አሉኝ። «ለሱ የጋገርኩት ነው። ብዪው የኔ ልጅ።» በላሁት። ጣፍጦኝ ነበር፤ ይህም ከዚያ ዘመን የማልረሳው አንዱ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጓድ ወጋየሁ መጡ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ፤ ካኪ ልብስ የለበሱ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚያስሉ ሰው። ጌቱ የሚባል ወጣት ሹፌርና ሁለት መሣሪያ የያዙ ሰዎች አብረዋቸው ነበሩ። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቀጥታ ወደ መጠለያው ሄዱ፤ ሸራውን ራሳቸው ገፈፉት።

«የማን ናት?» አሉ።

«የአቶ ሙሴ» አለ አባቴ።

«ነበረች በል። የሰፊው ሕዝብ ንብረት ደብቀህ ማቆየትህ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለህ፣ ጓድ ግዛው?»

እናቴ ታናሽ ወንድሜን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሊቀመንበሩ መኪናዋን ዞረው አዩዋት፣ ወንበሯን ዳሰሱ፣ ገብተው ተቀመጡ። ሲወጡ ፊታቸው ለስልሶ ነበር።

«ለአሁኑ እናልፍሃለን። ማክሰኞ ጌቱ መጥቶ ይወስዳታል። እስከዚያ እንከን እንዳይኖራት አድርገህ አዘጋጃት። አንድ ነገር ቢገኝባት ግን ተጠያቂው አንተ ነህ።»

ሲወጡ እናቴ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ያዳመጥኩት «አዘጋጃት» የሚለውን ብቻ ነው። መኪናዋ አቶ ሙሴን ልታመጣ ትሄዳለች ብዬ ወሰንኩ።

ሰኞ ዕለት እትዬ ጸሐይወርቅ መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል። ጥቁር ለብሰው አልነበረም፤ በዚያ ጊዜ ለእንዲህ ዓይነት ሟች ጥቁር መልበስ ራሱ ያስጠይቅ ነበር። መጠለያው ውስጥ ገብተው በሩን መለስ አደረጉት። እኔ ከውስጥ፣ ከጎማዎቹ ጀርባ፣ ከጨርቅ የሠራኋትን አሻንጉሊት አስተኝቼ እጫወት ነበር። አላዩኝም፣ ወይም ልጅ ናት ብለው ትተውኛል።

«ግዛው፣ በሕይወቴ ለምኜህ አላውቅም» አሉ።

«ይዘዙኝ እንጂ፣ እትዬ።»

«የኮምፕሬሶሬውን ዘይት ምጠጠው። ደረቋን ይውሰዷት። እሱን የሬሳ ሣጥን እንኳ ነፍገው በመኪናው ሲንሸራሸሩ ማየት አልችልም።»

የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ሲንቋቋ ይሰማል።

«ሩቅ አትሄድም» አሉ ደግሞ። «አንተ ነህ የነገርከኝ። ዘይት ካጣ ጥርሶቹ ይበላላሉ፣ ይነክሳሉ ብለኸኛል።»

«ብዬአለሁ።»

«እሺ በለኝ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ አባቴ።

ጉንጩን ስመውት ሄዱ። አባቴ ኮፋኖውን አነሳ። ቅዳሜ አልነበረም፣ ግን መኪናዋ እንደቀዘቀዘች ናት፣ ጨርቁም ንጹሕ ነው። ክዳኑን ፈታ። የዘይቱ ጓዳ ከስር መውጫ ስለሌለው ዘይቱ የሚወጣው በትልቅ ሲሪንጅ ከላይ እየተመጠጠ ነው። ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አስገብቶ ሳበው። ያ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ መጠለያውን ሞላው። የማር ቀለም የነበረው ዘይት ጠቁሮ፣ ጠብ ጠብ እያለ፣ አሮጌ ጣሳ ውስጥ ተጠራቀመ። በዚህ መሀል እናቴ ከቤት ጠራችኝና ሄድኩ። ስመለስ ኮፋኖው ተዘግቶ፣ መኪናዋ በሸራዋ ተሸፍና ነበር።

ማክሰኞ ጌቱ መጣ። ሊቀመንበሩም አብረው መጡ። አባቴ ጌቱን ወደ ሞተሩ አቅርቦ ያሳየው ጀመር።

«ይሄ የራሱ ዘይት አለው። የሞተር ዘይት እንዳትጨምርበት፤ ወፍራም ነው። ስታይ ሞተሩ ይቀዝቀዝ፣ መሬቱ ደልዳላ ይሁን። ከዚህ ምልክት በላይ እንዳይሞላ። ሲበዛም ጉዳት ነው፤ ማኅተሙን፣ ዘይቱን አፍኖ የሚይዘውን ጎማ፣ ይፈነቅለዋል...»

«ሹፌር ነው፣ ታስተምረዋለህ እንዴ?» አሉ ሊቀመንበሩ እያሳሉ። «አስነሳት።»

መኪናዋ ስትነሳ ድምፅዋ ደረቴ ውስጥ ገባ። ያ የኮምፕሬሶሬው ፉጨት በሰፈሩ ላይ ሲያልፍ ልጆች ሁሉ ወጡ። በር ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩላት። ማምሻውን ደጁ ላይ ተቀምጬ አቶ ሙሴን ጠበቅኋቸው። እናቴ መጥታ አንስታ አስገባችኝ።

የመኪናዋ ዕጣ የታወቀው መስከረም ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ለአብዮት በዓል እንግዶች ለመቀበል ሲሄዱ ጎፋ ዳገቱ ላይ ነጭ ጭስ ተፋች። ጭሱ መንገዱን ሸፈነው፣ ለሰልፍ የወጣው ሕዝብ በሳል ታፈነ፣ ከጭሱ ውስጥ ብረት ሲፋጭ ተሰማ፣ ቺንጋው ተበጠሰ። ሊቀመንበሩ በሕዝብ ፊት፣ ካኪያቸው በዘይት ተረጭቶ፣ ወርደው በእግራቸው ሄዱ። የሳቀ ሰው ነበር ይባላል። ከሰዓት በኋላ አባቴን ወሰዱት። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ነበር።

ከዚያ ስንቅ ማመላለስ የኛ ተራ ሆነ። እናቴ ምሳ ዕቃውን ባዶ ይዛ ስትመለስ መሬት ስማ ትገባለች። ባዶ ዕቃ ምን ያስደስታል ብዬ ጠየቅኋት። «በልቶታል ማለት ነው» አለችኝ። «ሞልቶ የተመለሰ ቀን ነው የሚለቀሰው።» ድፎው ትዝ አለኝ። የበላሁት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሮጬ ወጥቼ ከአጥሩ ስር ለማስመለስ ሞከርኩ፣ ምንም አልወጣም።

ያም ሆኖ ኩራት ነበረኝ። ሲሪንጁን ያየሁት እኔ ነኝ። እትዬ ጸሐይወርቅ የጠየቁትን፣ አባቴ «እሺ» ያለውን የሰማሁት እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ከፍ ሲል ነገሩን ሁሉ ገጣጠምኩት። አባቴ ብቻውን፣ መሣሪያ ሳይዝ፣ የገዳዮቹን መኪና ዳገት ላይ አስቀርቷል። ትምህርት ቤት ልጆች «አባትሽ አሻጥረኛ ነው» ሲሉኝ ዝም እላቸዋለሁ፤ ውስጤ ግን ቀና ይላል። ያ ኩራት ባይኖር እነዚያን ዓመታት እንዴት አልፋቸው እንደነበር አላውቅም።

አባቴ ሲፈታ እኔ ወጣት ሆኛለሁ። ቀኝ እጁ ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም ነበር፤ እንዴት እንደዚያ እንደሆኑ አልነገረንም። መፍቻ መያዝ አልቻለም። እናቴ ጉልት ወጥታ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ እሱ ደጅ ተቀምጦ የሚያልፉትን መኪኖች ድምፅ ያዳምጣል። «ሦስተኛዋ ካንዴላ አትተኩስም» ይላል ለራሱ፣ ሰምቶት የሚመልስለት የለም።

በተፈታ በሳምንቱ እትዬ ጸሐይወርቅ መጡ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ከበር ገብተው ቀጥታ እግሩ ላይ ወደቁ፤ ልናነሳቸው ብንሞክር እምቢ አሉ። ያን የደረቀ እጁን ይዘው ሳሙት።

«ቃልህን ጠበቅህ» አሉት። «እኔን ብለህ ይህ ሁሉ ደረሰብህ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ትሕትና መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ በየዓመት በዓሉ ይመጡ ነበር፤ ስኳር፣ ዘይት፣ አንዳንዴም ዶሮ ይዘው። እሳቸው በመጡ ቀን አባቴ ምግብ አይቀምስም። «ሆድ ብሶት ነው» ትለን ነበር እናቴ።

እውነቱን የሰማሁት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። ደርግ ሊወድቅ ትንሽ ቀርቶት፣ ከተማው ወሬ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር። ደጅ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ሳላስበው አመለጠኝ።

«አባባ፣ ያን ቀን ዘይቱን ስትመጥ አይቼህ ነበር። ኮርቼብህ ነው ያደግኩት።»

ዞሮ አየኝ። በጣም እንደደከመው ሰው ነበር የሚያየኝ።

«አይተሽ ከሆነ ግማሹን ነው ያየሽው» አለ።

«እንዴት?»

«አሮጌውን አወጣሁ። ከዚያ ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረድኩት።»

«የቱን ጣሳ?»

«የአቶ ሙሴን። የመጨረሻውን። እስከ ልኩ ሞላሁላት፤ ጠብታ አላጎደልኩም። ክዳኑንም አጥብቄ ዘጋሁት። እንደዚያን ቀን ንጹሕ ሆና አታውቅም።»

እሱ ቀጠለ።

«እትዬ እንዳሉኝ ላደርግ ብዬ ነበር። ባዶ አድርጌ ክዳኑን ልዘጋ እጄን ሰደድኩ፤ እናትሽ አንቺን ስትጠራ ሰማሁ። ስምሽን ስትጠራ። ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ተበላሸች?»

«ጌቱ የሞተር ዘይት እስከ አፉ ሞልቶባት። ማኅተሙ ፈነዳ፣ ዘይቱ ሁሉ ወደ ሞተሩ ገብቶ ነደደ፣ ደርቃ ነከሰች። እነሱ ፊት አስከፈቱኝ፤ ከስሩ የቀረው ጥቁር የሞተር ዘይት ነው። አሳየኋቸው። ጌቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ መሬት መሬት ያያል። ማን ይስማኝ? እኔ አላደረግሁም እያልኩ ነው ጣቴን የሰበሩኝ። እውነቴን ነበር።»

«ለእትዬ ጸሐይወርቅ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ምን ብዬ? የባልዎን የመጨረሻ ዘይት ለገዳዮቹ ቀዳሁላቸው ልበላቸው?» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ሌላ የያዙት ነገር የላቸውም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳነውም። አባቴ ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላም ብዙ ዓመት ኖረ፤ ጤና ግን አላገኘም፤ መኪና ውስጥም ወዶ ገብቶ አያውቅም። የአቶ ሙሴ አስከሬን የት እንደተጣለ እስከ ዛሬ የተገኘ ነገር የለም።

አባቴ የተቀበረ ዕለት እትዬ ጸሐይወርቅ በሰው ተደግፈው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ዓይናቸው ሊጠፋ ደርሷል። ልጆቼን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ አያታቸው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ይነግሯቸው ጀመር። ዘይቱን እንዴት እንዳደረቀው፣ መኪናዋ በሕዝብ ፊት እንዴት እንደቆመች፣ እጁን ሲሰብሩት እንዴት ትንፍሽ እንዳላለ ተናገሩ። ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።

«አልፈራም ነበር?» አላቸው ትንሹ ልጄ።

«ግዛው?» አሉ። «ግዛው ፍርሃት የሚባል አያውቅም።» ከዚያ እኔ ወዳለሁበት ፊታቸውን አዞሩ። «አይደለም እንዴ፣ ትሩፋት?»

አባቴ ፈርቶ ነበር። ስሜን ሰምቶ ነው የፈራው። በዚያ ድንኳን ውስጥ ስለ እሱ ልናገር የምችለው እውነት ይሄ ብቻ ነበር።

«ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።